«ደርሶኛል» ብዬ የመለስኩት መርዶ

ለልጄ ለኑኃሚን፣ ካለሽበት ቦሎኛ ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሰንጎ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም የምታስታምሚያቸውን ሴትዮ ከአልጋ ስታነሺ ያምሻል? ባለቤትሽ ሮቤራ እንደምን አለ? ሥራውስ እንዴት ይዞታል? የልጅ ልጄ ወይንዬስ ጥርሷ ስንት ደረሰ? ባለፈው በስልክ ስታሳዪኝ አራት ቆጥሬ ነበር። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። እዚህም ፋሲካው በሰላም አለፈ። እኔ ምንም አልሠራሁም፤ ጎረቤቶቻችን ግን እየተፈራረቁ በሳህን አመጡልኝና ለሰው ዓይን ያህል ቀማመስኩ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ግን የምነግርሽ ነገር በስልክ አልወጣ አለኝ። ሦስት ጊዜ ቆርጬ ተነሣሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፊትሽን ሳይ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ደግ ነው፣ አያይሽም። እንደምታውቂው ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። የተሰረዘ ካየሽ ፊደል ጠፍቷት ነው እንዳትዪ፤ አፍሬ ነው። የሥራ ጓደኛዬ የቦሰና የእህት ልጅ ሐሙስ ወደ ሚላኖ ስለምትነሣ በእሷ እጅ እሰድልሻለሁ። ከዚያ በፖስታ ትልክልሻለች።

የመኖሪያ ወረቀትሽ ተጠናቆልሽ ለወንድምሽ ለበድሉ ሙት ዓመት እንደምትመጪ ስትነግሪኝ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል አልነበረኝም። ሳትቀብሪው፣ አፈሩን ሳታዪ እዚያ ታግደሽ መቅረትሽ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጨኝ ኖሯል። ነገር ግን በዚያው አፍሽ «ጋሼ ማኑ እዚያ ካለ እኔ ከደጅ ነው የምመለሰው። ሬሳው አጠገብ ቆሞ ደህና ነው ብሎ የዋሸኝን ሰው ዓይኑን አላይም» አልሽ። እኔም ዝም አልኩ። «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስትዪኝ «ኔትወርኩ ነው» አልኩሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር ልጄ። ማኑ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ አባታችሁ ካለፈ ወዲህ አንቺንም በድሉንም ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳደገ ሰው ነው። በእሱ ላይ የያዝሽው ቂም፣ ግማሹ ብል ቀነስኩት፣ የሚገባው ለእኔ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ብትናደጂም እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳታስቀምጪው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስልኬ ነው። አምና በጥር ወር መሥሪያ ቤታችን ወረቀት ይቀነስ ተባለና ደብዳቤው ሁሉ በኢሜይል ሆነ። አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ሚደቅሳ ሰበሰቡንና «ከእንግዲህ መዝገብ ቤትም ቢሆን መልእክቱን በስልኩ ያያል» አሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ኢሜይል የሚባለውን የምሰማው ከአንቺ አፍ ብቻ ነበር። ጸሐፊያችን መቅደላዊት፣ የአንቺ እኩያ ናት፣ ስልኬን ተቀብላ ነካካችና «አበቃ እትዬ ሙሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቢሮው ኪስዎ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ኪሴ ቀዳዳ ነው፣ ይወድቅባችኋል» አልኳት። ሳቀች።

እሷ ሳቀች እንጂ እኔ መከራዬን አየሁ። ስልኩ ጊዜና ቦታ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ይጮሃል፤ ሽንኩርት ስከትፍ ይጮሃል። አንድ እሁድ ልደታ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጮኸና ሴቶቹ ሁሉ ከነጠላቸው ውስጥ ዞረው አዩኝ። ወጥቼ ከፍቼ ሳነበው የሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውኃ ሰኞ ይቋረጣል ይላል። እኔ የምሠራው ምድር ቤት ነው። እንዲያም ሆኖ ባላየው ከሥራ የሚያስወጣኝ እየመሰለኝ ቁርስም ልብላ እራትም ልብላ ከጎኔ አይለይም ነበር።

አቶ ሚደቅሳ ደግሞ ትእዛዝ ጨመሩበት። መልእክት የደረሰው ሰው ሁሉ ወዲያው «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ፤ ያልመለሰ ሥራውን እንደናቀ ይቆጠራል አሉ። እኔ አንድ ገጽ አንብቤ እስክጨርስ ሻይ ይቀዘቅዝብኛል። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። መልእክቱ ሲመጣ መጀመሪያ «ደርሶኛል» ብዬ እልካለሁ፤ ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። መቅደላዊትም ቃሉን አንዴ ስነካው ራሱ እንዲሄድ አድርጋልኝ ነበር። በስብሰባ ላይ አቶ ሚደቅሳ «ከወይዘሮ ሙሉመቤት ተማሩ፤ በመመለስ የሚቀድማቸው የለም» ብለው አመሰገኑኝ። ቦሰና ጎኔን ጎሸም አድርጋ «አንቺ እኮ ሳታነቢ ነው የምትፈርሚው፤ አንድ ቀን ራስሽን ታሰናብቻለሽ» አለችኝ። እስኪያስለን ሳቅን።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስሽ። በእኛ ቢሮ ሠራተኛ ሰው ሲሞትበት መርዶውን ማልደን ሄደን የምንነግረው እኛ ባልደረቦቹ ነን። ድሮ ለዚህ ወረቀት ይዞር ነበር፤ ማን እንደሞተ፣ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝ የሚገልጽ ወረቀት። ወረቀቱን የማዞረው እኔ ነበርኩ። ፋይል ውስጥ ሸሽጌ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እሄዳለሁ። የባለሐዘኑ ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ፋይሉን ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርጌ አልፋለሁ። እንዲያውም እንዳይጠረጥር ቆም ብዬ «ልጆች ደህና ናቸው?» እላለሁ። የሞተው ልጁ ሆኖ ሳለ እንዲያ ብዬ የጠየቅሁት ሰው አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው መርዶውን ከእኔ ፊት አላነበበም። በዚህ እኮራ ነበር ልጄ። ውሸቱ እንደ ውሸት ተቆጥሮብኝ አያውቅም። ሰው ሐዘኑን የሚሰማው ክንዱን የሚይዝለት ሰው ከጎኑ ሲኖር ነው፤ እስከዚያ መደበቅ ደግነት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። አሁንም እንዲያው ነው የማምነው።

ወደዚያ ቀን ልምጣ። ግንቦት 16 ቀን ዓርብ ነበር። የበድሉ መኪና ባሌ በረሃ ውስጥ የተገለበጠችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ፣ በድሉ ቀያሽ ሆኖ የሚሠራበት፣ የደወለው ለማኑ ነበር፤ ልጄ ሲቀጠር «እናቴን አታስደንግጡብኝ» ብሎ የእሱን ቁጥር ነው የሰጠው። ማኑ ያንኑ ዕለት ተነሥቶ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ከሆስፒታሉ ለቦሰና ደወለላትና እኔ ሳልሰማ ለመርዶው እንዲዘጋጁ አደራ አላት። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት ቦሰና አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ «ዛሬ ቀደም ብለሽ ሂጂ፤ የበድሉን ሻንጣ እቀበላለሁ ብለሽ ነበር እኮ፤ እኔ ቢሮውን እዘጋዋለሁ» ስትለኝ ነው። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነበር የምታወራኝ። ጉንፋን የያዛት መሰለኝ።

በድሉ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጣ ነበር። ጥሎት የሄደውን ሻንጣ ዚፑን አሠሪልኝ ብሎኝ ጌጃ ሰፈር ኢብራሂም ጋ ሰጥቼው ነበር፤ ያ ጫማና ቦርሳ የሚሠራው፣ ከድሮ ቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ኢብራሂም። ሜክሲኮ ካለው ቢሮ በእግሬ ሄጄ ደረስኩ፤ ገና አልጨረሰውም ነበርና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዴ «ደርሶኛል» ብዬ ላክሁ። ከዚያ መነጽሬን አወጣሁ።

«ውድ ባልደረቦች» ይላል። የሥራ ባልደረባችን ልጅ በመኪና አደጋ በድንገት ሕይወቱ ስላለፈ ነገ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መርዶ እንነግራለን፤ ሰርቪሱ ከቢሮው ደጅ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ እስከዚያ ባለሐዘኗ እንዳይሰሙ ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረግ ይላል። እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «እኔን! የማናቸው ይሆን?» አልኩ። ወንድ ልጅ ያላቸውን በልቤ ቆጠርኩ። የሒሳብ ክፍሏን ጠረጠርኩ። ጥቁር ቀሚሴ መታጠብ አለመታጠቡን አሰብኩ። ለዚያች ቅጽበት የሌላ ሰው ሐዘን በመሆኑ ልቤ ቅልል ብሎት ነበር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። «ባለሐዘን፦ ወ/ሮ ሙሉመቤት፣ መዝገብ ቤት» ይላል። ለራሴ መርዶ ልሄድ ልብስ ስመርጥ ነበር።

መቅደላዊት ክፋት አልነበራትም። እኔ ከቢሮ እስክወጣ ጠብቃ ነው የላከችው። የሠራተኛውን ሁሉ ስም በአንድ ላይ የያዘ አድራሻ አለ፤ እሱን ስትነካ እኔ ከጥር ወዲህ እዚያ ውስጥ መኖሬን ረሳች። ወረቀቱን ብትሰጠኝ ኖሮ የራሴን ጠረጴዛ እንዴት አልፈው እንደነበር እያሰብኩ ስንት ቀን ከራሴ ጋር እንዳወራሁ።

ኢብራሂም «ማዘር፣ አለቀ። እስቲ ሳቢው» አለኝ። ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ሳብኩት፤ መለስኩት። «ጥሩ ሆኗል» አልኩት። «ያ ጎረምሳ መቼ ነው የሚመጣው? ሲመጣ ሳያየኝ እንዳይሄድ በይልኝ» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩት። ሻንጣውን ተሸክሜ ወጣሁ። መሬቱ ዞረብኝ እንዳልልሽ አልዞረብኝም። የልደታ ባቡር ጣቢያ ሥር ስደርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ። መቅደላዊት ነበረች፤ ለእኔ ብቻ የጻፈችው። «እትዬ ሙሉ፣ ቅድም የደረሰዎት በስህተት ነው፤ እባክዎ ሳያነቡት ያጥፉት» ይላል። ለእሱም «ደርሶኛል» አልኩ።

ለምን አልጮህሽም ትዪኛለሽ። እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ብትወድቂ የሚይዝሽ ከኋላሽ ቆሞ ነው የሚነገረው። እኔ መንገድ ላይ ባዶ ሻንጣ ይዤ ነበር። ሊነግሩኝ የሚመጡት ነገ ነው፤ እንግዲህ እስኪነግሩኝ ልጄ አልሞተም አልኩ። እንደ እብድ እንዲህ ብዬ ፈረድኩና ቤቴ ገባሁ። ቤቱን ጠረግሁ። ምንጣፉን አጠፍኩ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ነገ ሰው እንደሚመላ አውቃለሁና ውኃ በባልዲ ሞላሁ።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አንቺ ደወልሽ። ወይንዬን ታቅፈሻታል። «እማዬ፣ የበድሉ ስልክ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ጋሼ ማኑን ብጠይቀው ደህና ነው፣ ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ገብቷል አለኝ። እውነት ነው?» አልሽኝ። «አዎ» ማለት ይበቃኝ ነበር። ማኑ ያለሽ ያንኑ ብቻ ነው። እኔ ግን ጨመርኩበት። «ጠዋት ከመግባቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር» አልኩሽ። «ምን አለ?» ብለሽ ቀና አልሽ። «የወይንዬን ክርስትና በመርሳቱ አፍሯል። እሁድ ስወጣ እደውልላታለሁ፣ እንዳትቀየመኝ በያት ብሏል» አልኩሽ። ስናገር ድምፁን አስመስዬ ነበር። አንቺም ሳቅሽ። «እሱ ሌባ! እሁድ ባይደውል ጆሮውን ነው የምቆርጥለት፤ በዪልኝ» አልሽ። «እሺ» አልኩ።

ያን ቃል በድሉ አላለውም ኑኃሚን። ጠዋት አልደወለልኝም። ያን ጊዜ ከሞተ አንድ ቀን አልፎት ነበር፣ እኔም አውቄው ነበር።

ለአንቺ ብዬ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ እንቅልፍሽን ላለመንሣት፣ ሕፃን ስለምታጠቢ ብዬ ነው ብልሽ። ትንሽ ትንሹ እውነት ይሆናል። ብዙው ግን ለራሴ ነው። በዚያች ሰዓት በድሉ በሕይወት ያለባት ብቸኛ ቦታ አንቺ ነበርሽ። ስትሰድቢው፣ ስትስቂበት፣ እሁድን ስትጠብቂለት መስማት ፈለግሁ። የልጄን ሞት እያወቅሁ ልጄን ለጨዋታ ተጠቀምኩበት። ከዚያ በኋላ እሁድ ወይንዬን የክርስትና ቀሚሷን አልብሰሽ ስልኩን ፊትሽ አስቀምጠሽ መቀመጥሽን ሮቤራ ነገረኝ። የሚያጽናኑሽ ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ «ቆዩ፣ ወንድሜ ሊደውል ነው» ብለሻቸው ነበር አሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እሁድ ቀን ስልክ መያዝ አልችልም።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ደረጃው ላይ ሰማኋቸው። ሃያ ሰው ጫማውን አለስልሶ ደረጃ ሲወጣ ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንት ቤት እንዲያ ወጥቻለሁ። በሩን ሳያንኳኩ ከፈትኩት። አቶ ሚደቅሳ «ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን» ብለው ሲጀምሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁሉ አውቀው ነበር። ከኋላቸው መቅደላዊት ቆማለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታየኛለች። ልጅቷን አየኋት። እኔ አውቄ እንደነበር ሰው ቢሰማ ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው ነገር ነው። ስለዚህ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ጮህኩ። በዚያን ዕለት ለልጄ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ለቅሶ የማስመሰል ለቅሶ ነበር። እውነተኛው የመጣው ማኑ ሳጥኑን ይዞ ሲገባ ነው፤ እሱ ሲመጣ ግን ድምፅ አልነበረኝም። ድንኳን ውስጥ አንዷ «የእናት ለቅሶ እንዲህ ነው እንዴ? ዓይኗ እኮ ደረቀ» ስትል ሰምቻታለሁ። አልፈረድኩባትም።

ከሐዘን ቤት ወጥቼ ሥራ ስገባ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወንበሬን ወደ ኋላ እስብ ጀመር። ቦሰና «ስልክሽን እንደ ጊንጥ ነው የምታዪው» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። መቅደላዊት ግን ምንም ሳትናገር ስልኬን ወሰደችና ከሥራ መውጫ ሰዓት እስከ ማግስቱ መግቢያ፣ ቅዳሜና እሁድም ሙሉውን፣ የቢሮ መልእክት እንዳይጮህ አደረገችው። ስትመልስልኝ በሹክሹክታ «እትዬ ሙሉ፣ አንብበውት ነበር?» አለችኝ። «እኔ ሳላነብ እንደምመልስ ታውቂ የለም?» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ አንድም ቀን «ደርሶኛል» ብዬ አላውቅም። አቶ ሚደቅሳ ዘገዩ ይሉኛል። ይበሉኝ። ማታ ቤቴ ስገባ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ከአንቺ በቀር ለማንም አላወጣውም። ያቺን የመርዶ መልእክት ግን አላጠፋኋትም። ስትመጪ አሳይሻለሁ፤ ቀኗና ሰዓቷ አለባት።

አሁን ስለ ማኑ። አንቺ የበድሉን ፎቶ በመስታወት አስገብተሽ ከሥሩ «እሁድ እደውልላታለሁ» ብለሽ ማጻፍሽን ስታሳዪኝ፣ ያ የወንድምሽ የመጨረሻ ቃል መሆኑን ለሁሉ ስትናገሪ፣ ውስጤ እንደ ጨው ይሟሟ ነበር። ይባስ ብለሽ «እናቴ ምንም ሳታውቅ የልጇን ቃል ስታቀብለኝ፣ እሱ እያወቀ ዋሸኝ» አልሽ። ማኑ ያን ዓርብ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ነው ስልክሽን ያነሣው። በድሉን በእጁ ያጠበው እሱ ነው፤ ሁለት ሌሊት ከሳጥኑ አጠገብ ያልተለየ እሱ ነው። አንቺም ብቻሽን እንዳትሰሚ ለሮቤራ ነግሮ ሰው እንዲያሰባስብልሽ ያደረገ እሱ ነው። የዋሸሽ እንደ ደንቡ ነው፤ የሚይዝሽ ሰው እስኪደርስ። እኔ ከደንቡ አለፍኩ።

ባለፈው እሁድ ጠርቼው ሁሉን ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ «አትንገሪያት» አለኝ። «እኔን ትጥላኝ፤ ለምጄዋለሁ። ወንድሟ የላከላትን ቃል አትንጠቂያት። ለሙት ዓመቱም ጉንፋን ይዞኛል ብዬ እቀራለሁ፤ እናንተ አስታውሱት» አለ። ይህን ሲል ኮፍያውን እያሽከረከረ ነበር። የዚያን ዕለት ነው ወረቀት የገዛሁት። ልጄን የተሸከመው ሰው ቤቱ ተቀምጦ እኔ የልጄን ሙት ዓመት ለሰው አላበላም።

ቃሉን ነጥቄሻለሁ፤ አውቃለሁ። በምትኩ የእውነቱን ልስጥሽ፤ ትንሽ ነው። በድሉ በመጨረሻ የደወለልኝ ከዚያ በፊት ማክሰኞ ነበር። ስለ አንቺ ያለው እንዲህ ነው፦ «ኑኃሚን የላከችልኝ ጫማ አንድ ቁጥር ጠቦኛል። እንዳትነግሪያት ግን፣ ታዝናለች። እሁድ እሁድ ተረከዙን ረግጬ እያደረግሁ እያሰፋሁት ነው» አለና ሳቀ። «ለሌላ ሰው ስጠው» ስለው «የእህቴን ጫማ? ጣቶቼን ብቆርጥ ይሻለኛል» አለኝ። ይህ የራሱ ቃል ነው፤ እኔ አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም። ማኑ ከካምፑ ዕቃውን ሲያመጣ ጫማውንም አምጥቶታል። ተረከዙ ተረግጦ እንደተኛ ነው። ዚፑ በተሠራው ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።

ሮቤራን እንደ ልጄ እንደምወደው ንገሪልኝ፤ ያን ቅዳሜና እሁድ ብቻውን የተሸከመውን ነገር አልረሳሁትም። ወይንዬን ጉንጯን፣ እግሯንም ሳሚልኝ። ለሴትዮዋም ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ፤ ባይሰሙሽም በያቸው። ቦሰና በጣም ሰላም ብላሻለች። ኢብራሂምም ስትመጪ ሳታዪው እንዳትሄጂ ብሏል፤ ያንኑ ለበድሉ ያለውን።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ለእኔ ደርሶኛል ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። የሚገባኝን ቁጣ መጥተሽ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ፤ ተቀምጬ እሰማሻለሁ። ለማኑ ግን አሁኑኑ ደውዪለት። ከደወልሽለት መንገድ ሳይመሽበት ወደ እኔ እንደሚሮጥ አውቀዋለሁ። ደረጃው ላይ የእሱን ጫማ ስሰማ ደብዳቤዬን ማንበብሽን አውቃለሁ።

እናትሽ ሙሉመቤት

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.